«ምን ሆነው መጡ?» የድንገተኛ ክፍል መዝገባችንና የታካሚው ቃል

በድንገተኛ ክፍል ለታካሚው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሆነው መጡ?» የሚል ነው። መልሱም በመዝገቡ ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከአድራሻ ቀጥሎ ባለው ጠባብ ዓምድ ይሰፍራል። ይህ ዓምድ እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ስለሚታይ በሙያችን ዘንድ እምብዛም ሲተች አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዓምዱ አሞላል ሕሙማንን እንደሚጎዳ ማሳየት፣ ለችግሩ የሚቀርበውንም መፍትሔ ሳንመረምር እንዳንቀበል ማሳሰብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተረኛ ሐኪም በነበርኩበት አንድ ሆስፒታል፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አባት «ልቤን አቃጠለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ» እያሉ መጡ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «ጨጓራ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ደረት ላይ ሕመም ያለው አዋቂ በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ የኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ ሊደረግለት እንደሚገባ ሁላችንም ተምረናል። እርሳቸው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ወረፋ ጠበቁ። ምርመራው ሲነሣ የልብ ጡንቻቸው ደም እንዳጠረው አሳየ።

በመዝገቡ ላይ የጻፈችው ነርስ ቸልተኛ አልነበረችም። በአማርኛ «ልቤን» የሚል ታካሚ ልቡን ብቻ ሳይሆን ከደረቱ ሥር ያለውን የሆዱን ክፍልም ማለቱ ሊሆን ይችላል። «አዞረኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ የሚሽከረከርበትም፣ ራሱን ሊስት የተቃረበውም በአንድ ቃል ይናገሩታል። ስሕተቱ ያለው ታካሚው የተናገረውን በመጻፍ ፈንታ እኛ የገመትነውን መጻፋችን ላይ ነው። ግምት አንድ ጊዜ በቀለም ከሰፈረ በኋላ ተከታዩ ባለሙያ እንደ ተረጋገጠ በሽታ ይቀበለዋል።

ጉዳቱ በአንድ ታካሚ ላይ ብቻ አያበቃም። ትኩሳት ይዟቸው የመጡ ሦስት ሰዎች በአንዱ ፈረቃ «ትኩሳት»፣ በሌላው «ወባ»፣ በሦስተኛው «ታይፎይድ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ወረርሽኝ ሲነሣ የትኩሳት ታማሚዎች ቁጥር መጨመሩን ከእንዲህ ያለ መዝገብ ማንም ሊያነብ አይችልም። የትሪያጅ ቀለምም ይህን ክፍተት አይሞላም። ቀለሙ የሚነግረን የታካሚውን አስቸኳይነት እንጂ የመጣበትን ምክንያት አይደለም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመው ዓለም አቀፉ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ምደባ የመምጫን ምክንያት ከታካሚው አመለካከት አንጻር የሚመዘግብበት ሥርዓት ዘረጋ። የካናዳ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ከ160 በላይ የመምጫ ምክንያቶችን የያዘ የጋራ ዝርዝር አውጥተው በ2008 እ.ኤ.አ. አሻሽለውታል። በአሜሪካ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው ብሔራዊ የሆስፒታሎች ጥናት ደግሞ ምክንያቱ በተቻለ መጠን በታካሚው አነጋገር ይጻፍና ኮዱ በኋላ ይሰጠው ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ የካናዳው ዝርዝር በንጽሕናው የሚያስመሰግን ነው፤ ምልክትን ከበሽታ ስም ለመለየት ይጥራልና። ሆኖም እንዳለ ተርጉመን እንውሰደው የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በተጨናነቀ መስኮት ላይ የቆመች አንዲት ነርስ ከ160 ምርጫ ውስጥ ትፈልግ ማለት ከላይ ያገኘችውን ወይም «ሌላ» የሚለውን ትምረጥ እንደ ማለት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ «ምች መታኝ» ወይም «ብርድ ገባኝ» የሚል ታካሚ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ቃሉን አስገድደን ወደ አንዱ ኮድ ብናስገባው ወጥ የሆነ መዝገብ እናገኝ ይሆናል፤ እውነተኛ መዝገብ ግን አናገኝም።

ስለዚህ ከአሜሪካው ልማድ የታካሚውን ቃል፣ ከካናዳው የጋራውን ዝርዝር ወስደን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይበጃል እላለሁ። በአንደኛው ዓምድ ታካሚው የተናገረው ቃል፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ፣ ሳይታረም ይጻፍ። በሁለተኛው ዓምድ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ የበሽታ ስም የሌለበት፣ በሁሉም ሆስፒታል አንድ የሆነ ዝርዝር ይሁን። «ሌላ» ተብለው የተመዘገቡት በየወሩ እየተነበቡ ዝርዝሩ ይታረም። በዝግጅቱም ላይ መስኮቱን በየቀኑ የሚያውቁት ነርሶች ከሐኪሞች እኩል ድምፅ ይኑራቸው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከተጀመረበት ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞች አፍርተናል። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕውቀት በእጃችን አለ፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። እኒያ አባት ሲገቡ እውነቱን ተናግረው ነበር። የጎደለው ቃላቸውን እንዳለ የሚጽፍ መዝገብ ነው።