ስለ ተደጋገመ ቃል

ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ የሰማ እንደ ሆነ ያወቀው ይመስለዋል፤ ነገር ግን መስማት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ ነው። ምስክር በዳኛ ፊት ሲቆም «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ከሰው ሰምተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ከአንድ ሰው አፍ የሰሙ መቶ ምስክሮች ቢቀርቡ፣ ያየው ያው አንዱ ስለ ሆነ፣ ዳኛው እንደ አንድ ምስክር ይቈጥራቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምር ያሰብሁት ይህንኑ ነገር ነው። የምመረምራቸውም ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ስለ ሯጮቻችን ሰውነት የጻፉት ሊቃውንት፣ የምሁራንን ጥቅስ የሚቈጥሩት ሰዎች፣ ስለ ስደተኛም የሚጽፉት ጋዜጦች። ሦስቱ በሥራ የተራራቁ ቢመስሉም አንድ በሽታ ያገናኛቸዋል፤ እርሱም የተደጋገመውን ቃል እንደ ተረጋገጠ ቃል መቍጠር ነው። (ሌላ ነገር ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱን የምጽፈው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ ማለዳ የያዘ ሰው ሯጮችን ሳያይ አይመለስም። አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ አናት ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። ኩላሊትም ይህ ጕድለት በተሰማው ጊዜ፣ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እውነት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ከዚህ ተነሥተው፣ «ኢትዮጵያውያን የሚያሸንፉት በተራራ ላይ ተወልደው ደማቸው ስለ ወፈረ ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔም ይህን ቃል በስንት ጋዜጣ እንዳነበብሁት ለመቍጠር አልችልም።

እስቲ ያዩትን ምስክሮች እንጠይቅ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ከባልደረቦችዋ ጋራ፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምራ ያገኘችውን አሳተመች። እነዚህ ሰዎች ሯጮች ሳይሆኑ በየመንደራቸው የሚኖሩ ደገኞች ነበሩ። ደማቸው ግን እንደ ተወራው ወፍሮ አልተገኘም፤ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን መጠኑ በባሕር ጠለል አጠገብ እንደሚኖር ሰው ነበረ። ደግሞስ ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ በ3,600 ሜትር ላይ የተቈረቈረችው የቦሊቪያ ከተማ ላ ፓዝና የቲቤት አምባዎች የማራቶንን ዘውድ ለማን ይለቁት ነበር? በተራራ ላይ መሠልጠን አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ከብዙ ምክንያት አንዱ የሆነውን ብቸኛ ምክንያት ማድረግ ስሕተት ነው እላለሁ እንጂ።

በ2003 ደግሞ ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ሌሎች ምሁራን የኢትዮጵያ ብሔራዊ የአትሌቲክስ ቡድን አባላት የሆኑ 114 ስፖርተኞችን የትውልድ ስፍራቸውንና የልጅነት ኑሯቸውን ጠየቁ። ከማራቶን ሯጮቹ አብዛኞቹ የአርሲና የሸዋ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ሩቅ ወደ ሆነ ትምህርት ቤት እየሮጡ የሄዱትም በመካከላቸው ከሌሎቹ ይልቅ በዙ። በ2005 እነዚሁ ምሁራን ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው፣ ሯጮቹ ከሌላው ሕዝብ የተለየ አንድ የዘር ሐረግ እንደሌላቸው አሳተሙ። ጋዜጦች ግን ከዚህ ሁሉ «እየሮጡ ትምህርት ቤት ሄዱ» የምትለዋን ብቻ ነጥቀው ተረት አደረጓት። ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ሄደው፣ አድገውም ገበሬ፣ መምህር፣ ነጋዴ የሆኑትን እልፍ አእላፍ ልጆች ማን ያስታውሳቸዋል?

በአበበ ቢቂላም የደረሰው ይኸው ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲፈጽም በባዶ እግሩ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጋዜጣ ከእግሩ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ይህ ሰው የክቡር ዘበኛ ወታደር እንደ ነበረና ኦኒ ኒስካነን የተባለው አሠልጣኝ በሥርዓት እንዳዘጋጀው የሚጽፈው ጥቂቱ ነው። በ1964 ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቈይቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። እንግዲህ በጫማ የሮጠው በባዶ እግሩ ከሮጠው ፈጠነ። ባዶ እግሩን የደጋገመው ሁሉ ግን ድኽነቱን አይቶ ሥልጠናውን ሳያይ ቀረ።

የእኛ የመጻሕፍት መምህራን አንድን ቃል ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፍች ከፊተኛው አጠገብ ያኖራሉ፤ ተማሪውም ሁሉን ሰምቶ ያመዛዝናል። ስለ ሯጭም ሲጻፍ እንዲህ ቢሆን ባማረ ነበር። አንድም ከፍታው፤ አንድም የልጅነት ድካሙ፤ አንድም አሠልጣኙና ክለቡ፤ አንድም ጐረቤቱ አሸንፎ ቤት ሲሠራ አይቶ መነሣሣቱ። በዚያው በእንጦጦ ዳገት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ የኖሩትን ሴቶች አስቡ። ከፍታው አንድ ነው፤ ዳገቱም አንድ ነው፤ ድካማቸውም ከሯጩ አያንስም። የጐደላቸው ምግቡ፣ ጊዜውና የሚያሠለጥናቸው ሰው ነው። ተራራው ለሁሉም እኩል ሳለ ሜዳሊያው ለጥቂቶች ብቻ መድረሱ፣ ምክንያቱ በተራራው ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

የጋዜጠኛውስ ይሁን፤ ምሁሩ ከዚህ ነጻ ነውን? አይደለም። ምሁር ሲጽፍ ከእርሱ በፊት የጻፉትን ይጠቅሳል፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። በ1955 ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ፣ ማን ማንን እንደ ጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ይዘጋጅ ብሎ አሳብ አቀረበ። ከአሳቡም አንዱ፣ አንባቢ በአንድ ጽሑፍ ላይ የተነሣውን ነቀፌታ በቀላሉ አግኝቶ ስሕተትን በጭፍን ከመጥቀስ እንዲድን ነበረ። ማውጫው በ1964 ወጣ። ኋላ ግን ሰዎች ነቀፌታውን መፈለግ ትተው ጥቅሱን ይቈጥሩ ጀመር፤ ብዙ የተጠቀሰውም ትልቅ ሊቅ ተባለ። ነገሩ እጅግ ስለ ከፋ በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ ምሁራን፣ የአንድ መጽሔት የጥቅስ ቍጥር የሰውን ሥራ መዳኛ እንዳይሆን የሚጠይቅ መግለጫ አረቀቁ።

የዚህን ጕዳት ስቲቨን ግሪንበርግ የተባለ ሐኪም በ2009 በግልጥ አሳይቷል። ስለ አንድ የጡንቻ በሽታ በሊቃውንት ዘንድ የታመነ አንድ አሳብ ነበረ። ግሪንበርግ 242 ጽሑፎችንና በመካከላቸው ያሉትን 675 ጥቅሶች ተከትሎ ወደ ምንጩ ወጣ። ያገኘውም፣ አሳቡን የሚደግፉት ጥቂት ጽሑፎች እየተደጋገሙ ሲጠቀሱ፣ የሚቃወሙት ግን እጅግ በጥቂቱ ብቻ እንደ ተጠቀሱ ነው። ውሸት የተናገረ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሁሉም ያለፈውን ደገመ፤ በመደጋገምም ብዛት ግምት የነበረው እውቀት ተባለ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ልማድ በስደተኛ ላይ ሲደርስ ነው፤ ሯጭ ቢያንስ በሩጫው ይናገራል፣ ስደተኛ ግን የሚናገርለት የለውም። ሳሚያ ዩሱፍ ኦማር የተባለች የሶማሊያ ልጅ በ2008 ቤይጂንግ ላይ 200 ሜትር ሮጣ በምድብዋ መጨረሻ ገባች። በኋላም አሠልጣኝ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ከዚህም ወጥታ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ ኤውሮፓ ለመሻገር ስትሞክር በ2012 በባሕር ላይ ሞተች። በሕይወት ሳለች አሠልጣኝ አጥታ ስትንከራተት ዝም ያለው ወሬ፣ ከሞተች በኋላ በዓለም ሁሉ ናኘ።

ሲፋን ሐሰን ደግሞ በ2008፣ በ15 ዓመትዋ፣ ከኢትዮጵያ ወጥታ በስደት ኔዘርላንድ ገባች። ነርስነት ስትማር ሩጫ ጀመረች፤ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈች፤ የአገራችን ልጅ ትእግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተከተለቻት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የስደተኛን ስም ግን የሚያወጣው ጋዜጣ ነው። ያሸነፈችው «ኔዘርላንዳዊት» ትባላለች፤ በዚያው መንገድ የሄደችና ያላሸነፈች እኅትዋ ግን ዕድሜ ልክዋን «ስደተኛ» ናት። እንግዲህ ሰው ለመባል ሜዳሊያ ያስፈልጋልን?

የጋዜጣው ሥዕል ሁልጊዜ በባሕር ላይ የምትዋልል ጀልባ ነው። ነገር ግን በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳውዲ ዐረቢያ ተባርረው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 ይበልጣሉ፤ የእነርሱ መንገድ ወደ ኤውሮፓ አልነበረም። አገራችንም ራስዋ ከጐረቤት የመጡ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ ስደተኞችን ታስጠልላለች። ይህን የማያውቅ አንባቢ ስደት ማለት ድኻ ወደ ባለጠጋ ደጅ የሚጎርፍበት ነገር ይመስለዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የጻፍሁላችሁ ሊቃውንትን እንድትንቁ አይደለም፤ የተረቱን ስሕተት ያወቅሁት ከእነርሱ መካከል ሄደው ካዩት ነውና። ነገር ግን «ድሉ በደማችሁ ነው» የተባለ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ተራራው እንዲያነግሠው ይጠብቃል፤ ሳይሆንለትም ሲቀር ራሱን እንደ ጐደሎ ይቈጥራል። «ኑሮ ያለው ከባሕር ማዶ ነው» የሚለውን ብቻ የሰማችም ልጅ የመንገዱን ዋጋ የምታውቀው በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲደጋገም በሰማችሁ ጊዜ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህን በዓይኑ ያየው ማን ነው? ከቍጥሩ ውስጥ ሳይቈጠር የቀረው ማን ነው? የተቃወመስ ሰው ምን አለ? መልሱን እስክታገኙ ድረስም ነገሩን ለሌላ ሰው እንደ እውነት አትንገሩ፤ ብትነግሩት፣ ሳታዩ የመሰከራችሁ አንድ ተጨማሪ ምስክር ትሆናላችሁ።