የዶክተር በርኪት ካርታና የፑኝዶ ሕፃናት

የአንድን ሊቅ ሥራ መተቸት ማለት ስሕተቱን እየለቀሙ መደርደር ወይም ስሙን እያነሡ ማወደስ አይደለም። ምን ጥያቄ አነሣ፤ ጥያቄውን በምን መንገድ ተከተለ፤ መንገዱስ ያላደረሰው የት ነው ብሎ መመርመር ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የአየርላንድ ተወላጅ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በኡጋንዳ ሳሉ ስለ ሕፃናት የደም ሕዋስ ካንሰር ያደረጉትን ምርምር በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው እንሞክራለን። የምንመዝነውም ከፑኝዶ አኳያ ነው። ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል በጎግ ወረዳ፣ ከጊሎ ወንዝ የማትርቅ ከተማ ናት። ይህን ስፍራ ለምን እንደ መረጥን አንባቢ ወደ ፊት ይረዳዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ይህ ነው። በ1957 ዶክተር በርኪት በካምፓላ በሙላጎ ሐኪም ቤት ሲሠሩ፣ ባልደረባቸው ዶክተር ሂዩ ትሮዌል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። የልጁ መንጋጋ በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም አብጦ ነበር። ያመረቀዘ ቍስል ነው እንዳይባል በአራቱም ማእዘን መነሣቱ አስቸገራቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጂንጃ ከተማ እንደዚሁ ያለ ሌላ ሕፃን አገኙ። ያን ጊዜ የሐኪም ቤቱን የቈዩ መዝገቦች አገላብጠው፣ እንዲህ የታመሙ ብዙ ሕፃናት እንደ ነበሩ ተረዱ፤ በ1958ም በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙት። ሌሎች ጠበብት ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ሕመሙ የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር፣ ማለት ሊምፎማ መሆኑን አስረዱ።

እስከዚህ ድረስ ሥራቸው ከሌላ ትጉ ሐኪም ሥራ እምብዛም አይለይም። የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ሌላው ሰው «ይህ ሕመም ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እርሳቸው «ይህ ሕመም የት ነው?» ብለው ጠየቁ። የታመሙ ሕፃናትን ሥዕል የያዘ መጠይቅ አሳትመው በአፍሪካ ላሉ የመንግሥትና የሚስዮን ሐኪም ቤቶች ላኩ። በ1961ም ቴድ ዊልያምስና ክሊፎርድ ኔልሰን ከሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ጋር በአንድ አሮጌ መኪና ከካምፓላ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ተመለሱ፤ ጉዞውም በጠቅላላው 10,000 ማይል ያህል ነበር። በየሐኪም ቤቱ እየገቡ እንዲህ ያለ ልጅ ታይቶ እንደ ሆነ ይጠይቁ ነበር። መልሱ በካርታ ላይ በነጥብ ሲመለከት፣ ሕመሙ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ተገኘ። በምድር ወገብ አጠገብ ቦታው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ሲል፣ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሲወርድ፣ ወይም ዝናቡ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ሕመሙ ይጠፋል። ባጭሩ የቆላ ሕመም ነው እንጂ የደጋ አይደለም።

ይህ ካርታ ሁለት ፍሬ አፈራ። አንደኛው የቫይረሱ መገኘት ነው። ዶክተር በርኪት በ1961 በሎንዶን ባደረጉት ንግግር ላይ የነበሩት አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ከእባጩ የተወሰደ ናሙና ከኡጋንዳ እየተላከላቸው መርምረው፣ ከአቾንግና ከባር ጋር ሆነው በ1964 ዛሬ የኤፕስታይን ባር ቫይረስ የሚባለውን አስታወቁ። በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች መጀመሪያ የተገኘው ይህ ነው። ሁለተኛው ፍሬ የወባ ነገር ነው፤ እዚህ ላይም የመጀመሪያው ነቀፌታ ይመጣል። ዶክተር በርኪትና ባልደረቦቻቸው ካርታውን አይተው፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ይኖራል ብለው ገምተው ነበር። ግምቱ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስሕተት ሆነ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ትንኝዋ የምታመጣው ወባውን ነው። ቫይረሱማ በዓለም ከዘጠና በመቶ በሚበልጡ አዋቂዎች ደም ውስጥ ይገኛል፤ ደገኛውንም ቆለኛውንም ይይዛል። ስለዚህ ብቻውን ካንሰሩን አያመጣም።

የኋላ ምርምር ነገሩን እንዲህ ያስረዳል። ተዋጊው ነጭ ሕዋስ በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ሳለ፣ የተሻለ መከላከያ ለመሥራት የራሱን ጂን ይቈርጣል፤ መልሶም ይቀጥላል። ወባ በሚመላለስበት ሕፃን ይህ ሥራ ያለ ዕረፍት ይካሄዳል፤ ቫይረሱም መሞት የሚገባውን ሕዋስ በሕይወት ያቈየዋል። ከዚያ ሁሉ መቍረጥና መቀጠል አንዱ ሲሳሳት፣ ሚክ የሚባለው ጂን ከ8ኛው ክሮሞሶም ተገንጥሎ ብዙውን ጊዜ በ14ኛው ላይ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ያለ ልጓም ይባዛል።

የካንሰርን ምርምር የሚከታተል አንባቢ በዚያው በ1961 በካናዳ የወጣውን ሌላ ሥራ ያስታውስ ይሆናል። ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ በጨረር የተመቱ አይጦችን የጤነኛ አይጥ መቅኒ ወግተው፣ በጣፊያቸው ላይ የበቀሉትን ትናንሽ እብጠቶች ቈጠሩ። የደም ሁሉ እናት የሆነው ግንደ ሕዋስ በመቅኒ ውስጥ መኖሩ በዚህ መንገድ ታወቀ። አንዳንድ የደም ካንሰር ከዚሁ ግንድ ይነሣል፤ እንዲህ ሲሆን መድኃኒት ቅርንጫፉን ቢመለምለውም ግንዱ ቀርቶ እንደገና ሊያቈጠቍጥ ይችላል። የበርኪት ካንሰር ግን የሚነሣው ካደገ ቅርንጫፍ ነው፤ በጣም ፈጥኖ የሚባዛ በመሆኑም መድኃኒት በቶሎ ይመታዋል። ዶክተር በርኪት ራሳቸው ሳይክሎፎስፋማይድ በሚባለው መድኃኒት ከሰጧቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ በጥቂት መርፌ ብቻ ድነዋል። ዛሬ በሀብታም አገሮች ከዐሥር ሕፃናት ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ፤ በአፍሪካ የሚድኑት ግን ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። እንግዲህ የምንናገረው መድኃኒት ስለ ታጣለት ሕመም አይደለም።

ዋናው ነቀፌታችን ከዚህ ይነሣል። በካርታው ላይ ነጥቡ የወደቀው ሐኪም ቤት ባለበት ነው። መጠይቁን የሚቀበል ሐኪም ከሌለ፣ መኪናው የሚቆምበት ደጅ ከሌለ፣ ነጥብ አይኖርም። ስንፈርድ ግን ሚዛናችን ልክ መሆን ይገባዋል። ዶክተር በርኪት ስለ ደጋው የተናገሩት ባዶ ቦታ አይተው አይደለም፤ በደጋም ሐኪም ቤቶች ነበሩ፤ ሐኪሞቹም አላየንም ብለው መልሰዋል፤ ይህም እውነተኛ ማስረጃ ነው። ችግሩ የሚመጣው ካርታውን በምናነበው በኛ ላይ ነው። «የለም» የሚል መልስና ከነጭራሹ መልስ አለመኖር በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ቦታ ሆነው ይታያሉ፤ አንባቢም ሁለቱን እንደ አንድ ይወስዳቸዋል። የ1961ዱ ጉዞ ወደ ደቡብ ነበር፤ ጋምቤላን አልነካም።

ይህ ልዩነት እስከ ምን እንደሚያደርስ ለማየት በሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ ያለውን ዌስት ናይልን ከጋምቤላ ጋር እናስተያይ። የሁለቱም ውሃ ወደ ነጭ አባይ ይገባል፤ ሁለቱንም ወባ አይለያቸውም፤ ሁለቱም ከደቡብ ሱዳን የሚመጣውን ስደተኛ ያስጠጉ አገሮች ናቸው። በዌስት ናይል ግን ኩሉቫ የሚባል የሚስዮን ሐኪም ቤት ነበረ፤ ከላይ የጠቀስናቸው ዶክተር ዊልያምስ በዚያ እየሠሩ የታመሙትን ሕፃናት እየተከታተሉ ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ መዝገብ በ1967 በታተመው ጽሑፍ፣ ከ1961 እስከ 1965 የታዩት ሕሙማን በስፍራም በጊዜም ተጠጋግተው መገኘታቸው ታወቀ። ኋላም በ1970ዎቹ የፈረንሳዩ ሊቅ ጊ ደ ቴና ጓደኞቻቸው በዚያው አውራጃ ከ42,000 ያህል ሕፃናት ደም ወስደው ተከታተሉ፤ በ1978ም ካንሰሩ የያዛቸው ሕፃናት ሕመሙ ሳይታይባቸው አስቀድሞ በደማቸው የቫይረሱ ምልክት ከፍ ብሎ እንደ ነበር አስታወቁ። ዌስት ናይል በሳይንስ መጻሕፍት የታወቀው በሕፃናቱ መታመም ብቻ አይደለም። የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረበት ነው።

አሁን ወደ ፑኝዶ እንመለስ። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7ኛውና በ8ኛው ዲግሪ መካከል ናት። ከፍታዋ 500 ሜትር ያህል ነው፤ ሙቀቷም ዝናቧም ዶክተር በርኪት ካሰመሩት ወሰን በብዙ ይበልጣል፤ ወባዋም የታወቀ ነው። ከነዋሪዎቹ ከአኙዋኮች ሌላ፣ ከ1993 ጀምሮ በተመሠረተው ሰፈር ብዙ ስደተኞች ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። በካርታው ሕግ ከሄድን፣ ካንሰሩ የሚጠበቅበት ስፍራ ይህ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ አገር መንጋጋው ያበጠ ልጅ ሲመጣ «የጥርስ ሕመም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሆዱ ያበጠው ደግሞ «ጣፊያ» ይባላል። ሁለቱም ስሞች በቆላ የተለመዱ ስለ ሆኑ የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። ጊዜም አይሰጥም፤ ይህ እባጭ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን የሚችል ነው፤ ከፑኝዶ እስከ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 በጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤት መጀመሩ ለአገራችን ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ መዝገብ በባሕርዩ የሚቈጥረው የከተማይቱን ነዋሪ ነው፤ ከተማይቱም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ዶክተር በርኪት «የለም» የሚል መልስ ካገኙባቸው ደጋዎች የምትመደብ ናት። የደጋን ቍጥር ይዞ ስለ ቆላ ሕፃናት መናገር አይቻልም።

ወባው ራሱና ረኃቡ ራሱ ሳያልቁ፣ ስለ አንድ ብርቅ ካንሰር ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሕመሙ እንደ ወባ የበዛ አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መቍጠር እንደ ማከም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ዶክተር በርኪትም የጀመሩት በፖስታና በአሮጌ መኪና ነው። ደግሞም ጊዜው የሚያስቸኵል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የመጀመሪያውን፣ በ2023 ሁለተኛውን የወባ ክትባት ለሕፃናት እንዲሰጥ መክሯል። ወባ ሲቀንስ ካንሰሩም ይቀንሳል ወይ? የዶክተር በርኪት ካርታ እውነተኛ ፈተና ይህ ነው። ፈተናውን ለማየት የሚችለው ግን ቀድሞ የቈጠረ አገር ብቻ ነው። ክትባቱ ከተስፋፋ በኋላ የሚከፈት መዝገብ የሚያወዳድረው ነገር የለውም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በፑኝዶና በጋምቤላ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለነዋሪውም ለስደተኛውም ሕፃን አንድ ደብተር ይከፈት፤ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ ያበጠው ስፍራ፣ የታየበት ወር፣ ወዴት እንደ ተላከና በመጨረሻ ምን እንደ ሆነ ይጻፍበት። የጤና ሠራተኞችም ከመንጋጋ እባጭና ከጣፊያ ጀርባ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል፣ ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጣቸው። የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ደብተሩን በመገልበጥና በመደመር ሊረዱ ይችላሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ፑኝዶ ስትጠየቅ አለ ብትል ወይም የለም ብትል፣ ያ መልስ ይሆናል፤ የታመመ ልጅ ካለም መድኃኒቱ ወዳለበት በጊዜ ለመላክ መንገዱ ይገኛል።