«ማረም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እዚህ ግቢ በሚነበቡልን አጫጭር ልቦለዶች ውስጥ እስር ቤት በብዛት ይገባል። ጓደኞቻችን ግን «ማረሚያ ቤት» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ ይቀበሉታል። ሂስ ከቃል ይጀምራልና ከዚሁ እንነሣ።

«ወህኒ» የጎንደር ነገሥታት ለዙፋን ያሠጓቸውን ወንድ ዘመዶቻቸውን ያገቱበት አምባ ስም ነው። «ከርቸሌ»ን ጣልያን ጥሎልን ሄደ። «ዓለም በቃኝ» የቆመበት የአዲስ አበባ ቦታ ላይ በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመርቋል። እነዚህ ስሞች ቢያንስ አይዋሹም።

«ማረሚያ»ስ? ሉማሜ ዙሪያ ላደገ ሰው ማረም ማለት ጤፍ ማረም ነው። ጎንበስ ብሎ አረሙን ከነሥሩ ነቅሎ ይጥላል። የሚያምርበት ማሳው ነው እንጂ አረሙ አይደለም እኮ! እኛ ደግሞ የዚህን ወረቀት ስቴንስል ስናርም የተሳሳተው ቃል ከገጹ አይባረርም፤ እዚያው ከጎረቤቶቹ መካከል ሳለ ይቃናል። አጥሩንና ዘቡን ስናይ የእስር ቤቱ ማረም የማሳው ነው እንላለን።

እስቲ አንድ ሰው ገደለ እንበል። ደብረ ማርቆስ ታስሮ ዓመታት ይቆጥራል፤ የሟች ሚስት ከዚያ ቆጠራ አንድ ቁና ጤፍ አታገኝም። የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ፈጽሞ በአመክሮ ሲወጣ ደሙ አልደረቀም፤ የሟች ወንድም ይጠብቀዋል። ያኔ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልሆነም? ጥንት ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ብቻ ቀርቶልናል። ጭካኔ ነበረበት፤ ግን በዳይን ከተበዳይ ዓይን አይሰውርም።

«ወደ ሽማግሌ እንመለስ ነው የምትሉት?» የሚለን አይጠፋም። እንዲያው በደፈናው አይደለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያስመልጠው ነበር፤ ስንት ሽምግልናስ በዚያው መንገድ ሄደ! የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ማስቀረቱ እሰየው ነው። ልጅቷ ያልተናገረችበትን እርቅ እርቅ አንለውም። ይኸው አዲሱ ሕግ የግዴታ ሥራንና ገደብንም ይዟል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 34 የባህል ዳኝነትን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ወስኖታል፤ የገጠሩ ደም አንቀጹን ሳይጠብቅ ዛፍ ሥር ይዳኛል።

ወደ ልቦለዶቹ እንመለስ። ሁሉም የብረቱ በር ሲዘጋ ያልቃሉ። እኛ የምንጠይቀው ቀጣዩን ምዕራፍ ነው፦ ሰውየው ሉማሜ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ ማን ተቀበለው? መሬቱን ማን ሲያርሰው ኖረ? ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ የሟች ሚስት የት ተቀመጠች፣ ምንስ አለች?