ያቆሙት ቦታ የሚቆም፦ በእጅ የተሠራ ማርሽ መቀየሪያ ጥሩነቱ በምን ይታወቃል?

በእጅ የተሠራ የብስክሌት ማርሽ መቀየሪያ ሲያሳዩኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያቆሙት ቦታ ላይ ይቆማል ወይ? ከምን ብረት እንደተቆረጠ፣ ቀለም ተቀባ አልተቀባ፣ ስንት ማርሽ ያዛል የሚለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከአርባ ምንጭ በላንቴ በኩል ወደ ብርብር በሚዘልቀው የሶዶ መንገድ፣ በስተቀኝ የዓባያ ሐይቅ በስተግራ የጋሞ ተራሮች አሉ። በመካከላቸው የተዘረጋው የሙዝና የማንጎ አገር አብዛኛው ሜዳ ነው። ብስክሌት እንዲህ ያለ አገር ይወዳል። የማይወደው ሙቀቱንና አቧራውን ነው። በርካሽ የቻይና ብስክሌቶች መሪ ላይ ተጠምጥሞ የሚመጣው የፕላስቲክ መቀየሪያ ውስጡ ያለው ጥርስም ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሲያደርቀውና አቧራ ሲሞረሙረው ብዙ አይቆይም። መጀመሪያ አንድ ማርሽ ይዘላል፣ ቀጥሎ አልይዝም ይላል፣ በመጨረሻ ያለ ምንም ተቃውሞ በባዶው ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ወይ ተመሳሳዩን ፕላስቲክ ገዝቶ ያንኑ ታሪክ ይደግማል፣ ወይ ጠጋኙ ጋ ሄዶ «አንድ ነገር አድርግልኝ» ይላል።

ጠጋኙ ቀጭ ቀጭ የሚለውን አሠራር ለመኮረጅ ከሞከረ ሥራው ገና ከመነሻው ተበላሽቷል። የቀጭታው ርቀት ከኋላ ማርሾች ርቀት ጋር በሚሊሜትር ክፍልፋይ ካልተስማማ ካቴናው በሁለት ማርሽ መካከል እየተንጫጫ ይኖራል። በሞረድና በሴጌቶ ደግሞ ያን ያህል ማስተካከል አይቻልም። ደግነቱ፣ አያስፈልግም። ሺማኖ ቀጭ የሚለውን አሠራር በውድድር ብስክሌት ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ቱር ደ ፍራንስ ካቴና የሚያሸጋግር ማርሽ የፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት መካከል የዓለም ሻምፒዮኖች ተራራ የወጡት በአብዛኛው በፍትጊያ ብቻ በሚይዝ እጀታ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም.፣ ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ላይ በተወዳደረበት ዘመንም ጋላቢዎች ማርሻቸው መግባቱን የሚያውቁት በጆሯቸውና በእግራቸው ነበር። ስለዚህ ቀጭታውን ትቶ ወደ ፍትጊያ የተመለሰ ጠጋኝ በዘመኑ አንደኛ የነበረውን አሠራር ነው የመረጠው።

አሁን ወደ ፈተናው። እጀታውን እየገፉ ካቴናውን ወደ ትልቁ የኋላ ማርሽ ያምጡት። ካቴናውን የሚያሸጋግረው የኋለኛው ክንድ ሞላ ሽቦውን አጥብቆ የሚጎትተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የኋላውን ጎማ አንድ ስንዝር ያህል ያንሱና መሬት ላይ ይልቀቁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት፣ ዓይንዎ ግን ከእጀታው ላይ አይነሳ። እጀታው ካፈገፈገ፣ ጭነት ይዘው ዳገት መሃል ሲደርሱ ማርሹ በራሱ ጊዜ ይለወጥብዎታል። ካላፈገፈገ ደግሞ በአውራ ጣት ብቻ ገፍተው ይመልሱት። ሙሉ መዳፍ የሚጠይቅ እጀታ በግድ የጠበቀ ነው። ጥሩ ሥራ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያሟላል፦ ሞላውን ያሸንፋል፣ ለአውራ ጣት ግን ይሸነፋል።

ይህን የሚያመጣው እጀታው በሚዞርበት ብሎን ሥር የተደረደረው ነገር ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሆን አንዴ ይነክሳል አንዴ ይንሸራተታል፤ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ደግሞ ይለጠጥና እጀታውን መልሶ ይጎትተዋል። ከጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ ወይም ከአሮጌ ጫማ የወጣ ቆዳ በብረቶቹ መካከል ሲገባ ግን እንቅስቃሴው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ይሆናል። ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። እጀታው በዞረ ቁጥር ላዩ ላይ ያለውን ዳዶ ይዞት ይዞራል፣ በሳምንቱም ፈትቶት ቁጭ ይላል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው የብሎኑን አንድ ጎን በሞረድ ጠፍጣፋ ያደርግና፣ ከላይ የሚገባውን ሮንዴላ ቀዳዳም በዚያው ቅርጽ ያወጣዋል። ያ ሮንዴላ አይዞርም፤ እሱ ካልዞረ ዳዶውም አይፈታም። ሁለተኛ ዳዶ ደርቦ አጥብቆ ማሰርም ይሠራል፣ ግን ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ያን የተሞረደ ጎን ነው። ሠሪው ነገ የሚሆነውን ማሰቡ እዚያ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ ሽቦው የሚጠመጠምበትን ይመልከቱ። ሽቦውን በእጀታው ጫፍ ቀዳዳ አስገብቶ ማሰር ቀላሉ መንገድ ነው፤ መጥፎውም እሱ ነው። ሽቦው እዚያው አንድ ቦታ ላይ እየታጠፈ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል፣ አጎታተቱም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይለያያል። ሽቦ ክብ ነገር ላይ መጠምጠም አለበት፤ የክቡም መጠን ዝም ብሎ የሚመረጥ አይደለም። ሰባት ማርሽ ባለው ብስክሌት ከአንዱ ማርሽ መሃል እስከ ሌላው 5 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ ካቴናው ከዳር እስከ ዳር 30 ሚሊሜትር ይጓዛል። የተለመደው የኋላ ክንድ ሽቦው 1 ሚሊሜትር ሲሳብ 1.7 ያህል ስለሚንቀሳቀስ፣ መቀየሪያው መሳብ ያለበት ወደ 18 ሚሊሜትር ነው። የክቡ ስፋት 24 ሚሊሜትር ከሆነ እጀታው ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ሁሉንም ያዳርሳል።

ያየሁት ምርጥ ሥራ ይህንን መጠን ያገኘው ከሮንዴላ ነው። ለ12 ቁጥር ብሎን የሚሆነው ተራ ሮንዴላ ስፋቱ ልክ 24 ሚሊሜትር ነው። ሠሪው በሁለት ሰፋ ባሉ ሮንዴላዎች መካከል አጣብቆ ከእጀታው ጋር በብየዳ አያያዘው፤ የሽቦው ቦይ በዚሁ ተገኘ። መሃል ያለው ቀዳዳ ለቀጭኑ ብሎን ስለሚሰፋ የመዳብ ቱቦ ቁራጭ ሸጉጦበታል። እጀታው ከላሜራ የተቆረጠ ነው፣ ጠርዙ ግን ጣት ሲዳብሰው የሚቧጭር ነገር እስኪጠፋ ድረስ ተሞርዷል። ከመሪው ላይ አላሰረውም፤ ከታችኛው የአካል ቱቦ ላይ ነው ያሰረው። መንገዱ ሲያጥር ሽቦው ባብዛኛው ያለ ሽፋን ይሄዳል፣ አቧራ የሚከማችበት ቦታም ይቀንሳል። እጅን ከመሪ ማንሳት ግድ ይላል፣ እውነት ነው፤ በሜዳ መንገድ ግን ይህ ትንሽ ዕዳ ነው።

ፊት ላይ ያሉት ሦስት ማርሾችስ? ለእነሱ መቀየሪያ ካልተሠራ ቅር አይበልዎ። 38 ጥርስ ባለው በመሃለኛው ላይ ትቶ ከኋላ በ14 እና በ28 መካከል መቀያየር፣ በተለመደው ባለ 26 ጎማ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ከ2.8 እስከ 5.6 ሜትር ያስኬዳል። ለብርብር መንገድ ይበቃል። በአርባ ምንጭ ከተማ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሙዝ ጭኖ ለሚወጣ ግን አይበቃም፤ እሱ ወርዶ ካቴናውን በእጁ ወደ ትንሹ ያሸጋግር። ባህር ዳር ወይም ሐዋሳ ያለ የሜዳ ነጂም ከዚህ በላይ አይፈልግም።

ከመረከብዎ በፊት የኋለኛውን ክንድ በእጅዎ ወደ ጎማው ገፍተው ይሞክሩት። ክንዱ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ወሰን ጠባቂዎች ናቸው። ቀጭ የሚል መቀየሪያ ሲኖር እጅ ብዙ አይሳሳትም፣ በፍትጊያ ሲሆን ግን ከልክ በላይ መግፋት ቀላል ነው፤ ወሰኑ ካልተስተካከለ ካቴናው ከትልቁ ማርሽ አልፎ ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል። ጠጋኙ መቀየሪያውን ሠርቶ እነዚህን ሁለት ብሎኖች ካልነካ ሥራው ገና ግማሽ ነው።

በመጨረሻ ፍሬኑን ይመልከቱ፣ ምንም እንኳ ለማርሽ ቢሄዱም። ዕቃ ሲያጥር የማርሽና የፍሬን ሽቦ ሽፋን መለዋወጥ የተለመደ ነው። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ብረት ነው፤ በፍትጊያ ለሚሠራ ማርሽ ቢገባ ምንም አይል። የማርሽ ሽፋን ውስጡ ግን በቁመት የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ ፍሬን አጥብቀው ሲይዙ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያኔ ፍሬኑ የለም ማለት ነው። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ቀጫጭኑ ሽቦ ዙሪያውን ተደርድሮ ከታየና ያ ሽፋን ወደ ፍሬን የሚሄድ ከሆነ፣ መቀየሪያው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሽፋኑ እስኪለወጥ ድረስ ብስክሌቱን አይረከቡ።