ኩፋሌን ለማንበብ እርሳስ ያስፈልጋል

መጽሐፈ ኩፋሌን የሚያጠና ሰው ከአጠገቡ ወረቀትና እርሳስ አይለየው። መጽሐፉ ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዘመን በዓመት፣ በሱባዔና በኢዮቤልዩ ይቆጥራል፤ ሱባዔው 7 ዓመት፣ ኢዮቤልዩው 49 ዓመት ነው። ቁም ጸሐፊው ደክሞት ፮ን ፯ ቢያደርጋት ድምሩ ያጋልጠዋል። እኔም አጠራጣሪ ቁጥር ሲገጥመኝ ብራናዎቹን ከማስተያየቴ በፊት እደምራለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ እንይ። እስራኤል ከግብፅ እስኪወጡ ድረስ ያለፈው ዘመን 49 ኢዮቤልዩ፣ አንድ ሱባዔና ሁለት ዓመት ነው ይላል። 2401 ላይ 7 እና 2 ሲጨመር 2410 ይሆናል። ገና የሚቀረው የምድረ በዳው 40 ዓመት ሲታከልበት 2450 ይመጣል፤ ልክ 50 ኢዮቤልዩ። እስራኤል ከነዓን የሚገቡት ያኔ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ50ኛው ዓመት ለባርነት የተሸጠ ሰው ነጻ ይውጣ፣ የተሸጠ ርስትም ለባለቤቱ ይመለስ ብሎ ያዝዛል። ኩፋሌ ለአንድ ሰው የተሰጠውን ሕግ ወስዶ የሕዝብ ታሪክ አደረገው፤ በ50ኛው ኢዮቤልዩ ሕዝቡ በሙሉ ከግብፅ ባርነት ወጥቶ ርስቱን ይረከባል። ደራሲው ይህን ምስጢር ዘርዝሮ አላስረዳም። ደምሮ ለሚያነብ ትቶታል።

መጽሐፉ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በዕብራይስጥ ነው። ከዚያ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ወዲህ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ ሲገኝ፣ ተመራማሪው ጄምስ ቫንደርካም ከግእዙ ጋር አስተያይቶ ግእዙ እጅግ ታማኝ መሆኑን አረጋገጠ። ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ፣ በስንቱ እጅ ተገልብጦ እንዲህ መጠበቁ ዛሬም ያስደንቀኛል።

የመጽሐፈ ሄኖክ ነገር ይለያል። ተመራማሪው ሚሊክ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተማቸው የቁምራን የአረማይክ ቁርጥራጮች፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ የሚናገረው ክፍል በግእዙ አጥሮ እንደ ደረሰን ያሳያሉ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ደግሞ ቁምራን ውስጥ ጭራሽ አልተገኘም። ስለዚህ «ግእዙ እንከን የለውም» የሚለውንም፣ «የትርጉም ትርጉም ነውና አይታመንም» የሚለውንም አልቀበልም። እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ይመርመር።

ለዛሬ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰንበትን እጠቅሳለሁ። ኩፋሌ በሰንበት የሚዋጋ ሰው ይሙት ይላል። በዚያው መቶ ዓመት፣ የግሪኩ መጽሐፈ መቃብያን እንደሚተርከው (ከእኛው መቃብያን የተለየ ነው)፣ በሰንበት አንዋጋም ያሉ አይሁድ ካለቁ በኋላ የአይሁድ መሪ የነበረው የማታትያስ ወገኖች ሰንበትም ቢሆን ራሳችንን እንከላከላለን ብለው ወሰኑ። ረቢዎችም ከጊዜ በኋላ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል አሉ። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ትእዛዘ ሰንበት ግን በብዙው የኩፋሌን መንገድ ይከተላል። እንግዲህ ወደ እስራኤል የገቡት የቤተ እስራኤል ቄሶች ከረቢዎቹ ሥርዓት ጋር ሲገናኙ፣ ይዘውት የሄዱት የተጓደለ የአይሁድ ሕግ አልነበረም። ሥሩ ከታልሙድ በፊት የሚነሣ ሌላ ትርጓሜ ነበር። ይህን ያልተረዳ ሰው ሥርዓታቸውን ጉድለት ብሎ ይፈርድበታል፤ ፍርዱም ስሕተት ነው።

የኩፋሌን ግእዝ አመሳክረው ለምርምር ካሳተሙት ዋና ዋናዎቹ፣ ከዲልማን (1859) እስከ ቫንደርካም (1989)፣ የውጭ አገር ሊቃውንት ናቸው። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን ግእዙን ከልጅነቱ በዜማ የተማረ፣ በአንድምታ ጉባኤ የተፈተነ ሰው የሚያየው ነገር ከእነርሱ ሥራ ጎድሏል። የጉባኤ ቤት ተማሪዎች ሆይ፣ በያዛችሁት ግእዝ ላይ ዕብራይስጥና አረማይክ ጨምሩበት።