ስንጥቁን ልተወው ወይስ ልተካው

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ዘፋኙ ከስቱዲዮ ከወጣ በኋላ ነው። የተቀረጸውን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ዘርግቼ ከቅኝት የወጣውን እመልሳለሁ፣ የጎላውን አለዝባለሁ፣ የደከመውን አነሳለሁ። ስለዚህ «ድምፁ አይረባም» የሚባል ዘፋኝ ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ በዓይኔም ይታየኛል፦ ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል፣ ረዘም ያለ ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማረፊያው ላይ ዝቅ ብሎ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ የዋለው አውቶቲዩን የተባለው የማቃኛ ፕሮግራም ማረፊያውን በደቂቃ ያቃናል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ እጄን እሰበስባለሁ፤ ምክንያቱን አንድ የድሮ አልበም ያስረዳል።

አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1958 ኒውዮርክ ውስጥ «ሌዲ ኢን ሳቲን» የተባለ አልበሟን ቀረጸች። ድምጿ ዱሮም ሰፊ አልነበረም፤ ከአንድ ኦክታቭ እምብዛም አያልፍም። በዚያን ጊዜ ደግሞ መጠጥና ሄሮይን ጎድተውት ሻክሯል። ከኋላዋ ሬይ ኤሊስ ያቀናበረው ለስላሳ የቫዮሊን አጀብ አለ። ቫዮሊኖቹ ምቱን ጠብቀው ይገባሉ፤ እሷ ዘግየት ብላ ትደርሳለች፣ ዘፈነች ከማለት ተናገረች ማለት ይቀላል፣ የቃሉ ጫፍ ላይ ድምጿ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። ልያዘው ብላ አትታገልም። ሳንባው ሙሉ የሆነ ዘፋኝ እዚያ ጋ ድምፁን ያንቆረቁረው ነበር፤ እኛም ቃሉን ረስተን ድምፁን እናደንቅ ነበር። ኤሊስ ራሱ በቀረጻው ጊዜ አልተደሰተም፤ ሐሳቡን የለወጠው ሥራው አልቆ ሲሰማው ነው። እሷ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ በ44 ዓመቷ አረፈች።

ከድምፁ ይልቅ ቃሉን የሚሰማ ጆሮ እኛም ዘንድ አለ። አዝማሪ ቤት ውስጥ ሲዘፍን አምሽቶ ጉሮሮው የሻከረ አዝማሪ፣ «ተቀበል!» ተብሎ የተወረወረለትን ግጥም ጫጫታውን አቋርጦ በአንድ ጊዜ ማሰማት አለበት። ድምፅ ለማሳመር ፋታ የለውም፤ የሚጠብቀውን ፊደል አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ቃሉን ይጥለዋል። ድምፀ መረዋው እያንቆረቆረ የጠበቀውን ያላላዋል፤ ያኔ ሰሙ ብቻ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። ቤቱ ደግሞ የሚስቀው ለወርቁ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የማቃኛው ፕሮግራም ካልነገሩት በቀር የሚመልሰው ወደ ፒያኖ ቁልፎች ነው። የአዝማሪው ማሲንቆ ግን በፒያኖ አይቃኝም፤ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ተሳስቷል ብሎ የሚያርመው ብዙ ጊዜ ልክ የነበረውን ነው።

መጥፎ ድምፅ ሁሉ ይጣፍጣል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው መጥፎ ነው፣ በቃ። በተለይ የሌለውን ድምፅ ለማሳየት የሚንጠራራ ዘፋኝ ያደክማል። ቃሉን የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚተነፍስ የሚያውቅ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድምፁ አዝማች ማሟያ ላይ ከተሰነጠቀ ከሌላ ቀረጻ ቆርጬ እተካዋለሁ፤ የስንኙ ልብ ላይ ከሆነ አልነካውም። ትንፋሹንም አልቆርጥም፣ ዝቅ ብቻ አደርገዋለሁ። ዘፋኙ ራሱ «አስተካክልልኝ» ካለ ግን አስተካክላለሁ፤ ከፋዩ እሱ ነው።