ፎርማት የማያድነው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት የሚመጣ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ችግሩን አይናገርም፤ መፍትሔውን ነው የሚያዘው። «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። እሺ ብሎ ፎርማት አድርጎ ሒሳብ መቀበል ቀላል ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ማሽኑ ለጥቂት ቀን ይነቃቃል፤ ፕሮግራሙና ፋይሉ ሲመለስበት ግን ያው ይሆናል። የጎደለው ብዙ ጊዜ ራም ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም፤ ባለሙያ የሚያስፈልገውም ለዚህችው ልዩነት ነው።

እጄ ላይ የሚወድቁት ዴስክቶፖች በአመዛኙ ውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግለው የገቡ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ግድም የተሠሩ ዴሎችና ኤችፒዎች ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ የአዲስ አበባን አቧራ ችለው ዛሬም ይሠራሉ። ይዘውት የመጡት 2 ጊጋባይት ራም ግን ዌብሳይት ሁሉ እንዲህ ሳይከብድ ለነበረበት ዘመን የተመጠነ ነው። ሃርድ ዲስክ ጎተራ ቢሆን ራም ሰፌድ ነው፤ የሚለቀመው ሰፌዱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሰፌዱ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ይመልሳል፣ ሲፈልገው ደግሞ እንደገና ያመጣዋል። ምልልሱ ሲበዛ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አያቆምም፣ ኮምፒውተሩም ስታክ ያደርጋል።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የመጡት በዚሁ ምክንያት ነበር። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራምና ክሮምን አብረው ይከፍታሉ። «ፎርማት ከማድረጌ በፊት እስኪ እንደ ወትሮው ይሥሩበት» አልኳቸው። «አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነው ያመጣሁት ልጄ፣ እንዴት አድርጌ ልሥራበት?» አሉኝ፤ ግን ቁጭ ብለው ከፈቱት። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪው ከ90 ፐርሰንት በላይ ደርሶ፣ ዲስኩ 100 ላይ ቆሟል። ክሮምን ስዘጋው ሁለቱም አብረው ወረዱ። ይህ የራም እጥረት ነው። ሜሞሪው ገና ግማሽ ሳይደርስ ዲስኩ ብቻውን 100 ላይ ቢቆም ኖሮ ራም ይግዙ አልላቸውም ነበር፤ ያን ጊዜ ችግሩ የዲስኩ ነው፣ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር ያሻል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ያው መንቀርፈፍ ነው።

ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው ሲገዛ ነው። የዴስክቶፕ ራም ዓይነቶቹ ዲዲአር2ም ሆነ ዲዲአር3 240 እግር አላቸው፤ ለማያውቅ ሰው አንድ ይመስላሉ። የሚለዩት በእግሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ቦታና በሚፈልጉት ቮልቴጅ ነው፤ የመጀመሪያው 1.8፣ ሁለተኛው 1.5 ቮልት። ክፍተቱ ካልገጠመ አይገባም፣ በጉልበት የገፋ ሰው ስሎቱን ይሰብራል። ይህን ሻጩም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የቺፑን ብዛት ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ባሉ ማሽኖች ላይ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲፒዩ ውስጥ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ከሱ ዘመን በኋላ የመጡትን ብዙ መረጃ የሚይዙ ቺፖች አያውቃቸውም። ባለ 4 ጊጋባይት ራም በአንድ ጎኑ 8 ቺፕ ብቻ ከያዘ ብዙ ጊዜ አይቀበለውም፤ በሁለቱ ጎን 16 ቺፕ ያለውን ግን ይቀበላል። ስለዚህ ስገዛ ጊጋባይቱን አንብቤ አላበቃም፣ ራሙን ገልብጬ ቺፑን እቆጥራለሁ። በርካሽ የሚሸጠውን «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባለውንም ለኢንቴል ቦርድ አልገዛም።

ሌላው ወጥመድ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው። 8 ጊጋባይት ቢሰካለት እንኳ 3 ከምናምኑን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ወደ 64 ቢት ለመሻገር ደግሞ እንደ አዲስ መጫን የግድ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደንበኛዬ ይህን ሲሰሙ «እኔስ ምን አልኩህ!» ብለው ሳቁብኝ። የፒችትሪውን ባክአፕ አስቀድመን ያዝን።

የእጁ ሥራ አጭር ነው። ገመዱን መንቀል፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን ተጭኖ ማቆየት፣ ከሰውነታችን የሚነሳው ስታቲክ ቺፑን እንዳይጎዳ የኬዙን ብረት መንካት፣ ከዚያ አቧራውን በብሎወር ማራገፍ። እኔ የምወደው ላጲሱን ነው። የራሙ ወርቅ ቅብ እግር በዓመታት ብዛት ይጨልማል፤ በላጲስ ሲታበስ ይጠራል። «ሞቷል» ተብሎ የመጣ፣ አምስት አምስት ጊዜ እየጮኸ ቀይ መብራት የሚያበራ ኤችፒ ኮምፓክ ምንም ሳይገዛለት በላጲስ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቅቡ ስስ ስለሆነ መፈግፈግ የለበትም፤ የላጲሱም ፍርፋሪ በብሩሽ ይጠረግ። ከዚያ በሁለት አውራ ጣት፣ ማቀፊያው ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ መጫን ነው።

ዊንዶውስ ከገባ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ሜምቴስት የተባለውን የራም መፈተሻ ከፍቼ አሳድረዋለሁ። የተበላሸ ራም ሁልጊዜ ማሽን አያቆምም፤ አንዳንዴ አንድ ቁጥር ለውጦ ዝም ይላል፣ ያ ቁጥር ደግሞ የሰው ሒሳብ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ደንበኛ ቢቆጣም ሳላሳድር አልሰጥም።

ዲዲአር2 ለሚወስድ ኮምፒውተር ራም ግዙ አልልም፤ ገንዘቡን ለሌላ ማሽን ያስቀምጡት። ዲዲአር3 ከሆነ 8 ጊጋባይትና አንድ ኤስኤስዲ ለቢሮ ሥራ ይበቃዋል። ለመግዛት ሲወጡ የድሮውን ራም ነቅለው ይዘው ይሂዱ።